ብዙ ጌም ጀምራችሁ አንዱም አላልቅ ላላችሁ

ከስራ መልስ ማታ ላፕቶፔን እከፍትና ፕሮጀክቶቼ ያሉበት ፎልደር ውስጥ እገባለሁ። አንድ ሰሞን እዛ ውስጥ 11 ጌም ነበር፣ አንዱ ፕላትፎርመር (እየዘለሉ የሚያልፉበት ጌም)፣ አንዱ የካርድ ጌም፣ ሶስቱ "ይሄማ ቀላል ነው በሁለት ሳምንት ያልቃል" ብዬ የጀመርኳቸው፣ አንዱ ደሞ ስሙን አይቼ ምን እንደነበር ማስታወስ ያቃተኝ። የካርዱን እከፍታለሁ፣ ኮዱን 10 ደቂቃ አነባለሁ፣ የት ጋ እንዳቆምኩ አይገባኝም፣ እዘጋውና ፕላትፎርመሩን እከፍታለሁ፣ እዛም ያው ነው፣ ከዛ አዲስ ሀሳብ ይመጣልኝና ስለሱ ቪዲዮ ሳይ ሰዓቱ ይነጉዳል፣ በቃ አንድ መስመር ኮድ ሳልጽፍ እተኛለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፈ። የሚያሳዝነው ደሞ ጌም መስራት በጣም ነው የምወደው፣ ቀኑን ሙሉ ስራ ላይ ሆኜ የምናፍቀው ነገር እሱ ነበር።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። ልክ ነው፣ ግን እኔ ቆይቶ የገባኝ ዛፉ ቢበዛም ችግር የለውም፣ እኛን የሚጎዳን ከአንዱ ሳንወርድ ወደሌላው መዝለሉ ነው። የጀመርነውን ፕሮጀክት በስርዓቱ አቁመን፣ ስንመለስ በምናገኘው ቦታ አስቀምጠን መውረድ ስንለምድ 3 ፕሮጀክትም ይኑር 10 ጭንቅላታችን ያርፋል። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ራሴ እየሰራሁበት ያለሁትን ነው፣ ለትርፍ ሰዓት ሰሪ ነው፣ ሙሉ ጊዜውን ለሚሰራ ሰው ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ ያላችሁን ቁጠሩ

አንድ ማታ ኮዱን ተዉትና ያላችሁን ፕሮጀክት በሙሉ፣ የሞተውንም ያለውንም፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ለእያንዳንዱ ሶስት ነገር ብቻ መልሱ፦ ተጫዋቹ ምንድነው የሚያደርገው፣ መጨረሻ የሰራሁት ምን ነበር፣ ቀጥሎ የሚጠብቀኝ ከባድ ነገር ምንድነው።

የመጀመሪያውን በግስ መልሱት። "ስለጠፋ ከተማ የሚያወራ ጌም ነው" መልስ አይሆንም። ይዘላል፣ ይደበቃል፣ ካርድ ያጣምራል፣ ይተክላል፣ ይሸሻል፣ ይሄ መልስ ነው። ቫምፓየር ሰርቫይቨርስን የተጫወታችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዛ ላይ የተጫዋቹ ስራ መንቀሳቀስ ነው፣ መሳሪያው ራሱ ይተኩሳል፣ በዛች በአንዲት ግስ ላይ ነው ጌሙ የቆመው። እኔ ከ11ዱ አራቱ ላይ ግስ አጣሁላቸው። ስም አላቸው፣ ሎጎ አላቸው፣ አንዱ እንደውም ትልቅ ካርታ ተስሎለታል፣ ተጫዋቹ እዛ ካርታ ላይ ምን ሲያደርግ እንደሚውል ግን አላውቅም። እነሱን ከፕሮጀክት ዝርዝር አውጥቼ ሀሳብ የምጽፍበት ደብተር ላይ አስገባኋቸው፣ ወዲያው ነው ቅልል ያለኝ።

እውነቱ የሚወጣው ግን ሶስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። መልሶቼን ጎን ለጎን ሳያቸው ሁሉም ፕሮጀክት የቆመው አንድ አይነት ቦታ ላይ ነው፣ ዋናው መካኒክ (ተጫዋቹ የሚያደርጋት ዋና ነገር) ሰርቶ፣ ደስ ብሎኝ፣ ለሰው ሁሉ አሳይቼ፣ ከዛ "በሉ አሁን ሌቭል ይሰራ" የሚባለው ጋ ስደርስ። ሌቭል መስራት እንደማልችል ያወቅኩት ያኔ ነው፣ ፕሮጀክት ስቀያይር ይሄ ነገር ተሸፍኖልኝ ነው የኖረው። የናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ አርት ይሆናል፣ ድምጽ ይሆናል፣ ሜኑ ይሆናል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የምትቆሙ ከሆነ አዲስ ጌም መጀመር አይፈታውም፣ አዲሱም ሄዶ ሄዶ እዛው ይቆማል። ያንን ነገር ለብቻው ተማሩት። እኔ ያደረግኩት በጣም የምወደውን ፕላትፎርመር የመጀመሪያ ሌቭል ስዕል በሌለው በግራጫ ሳጥን ብቻ እንዳለ መቅዳት ነው (ለመማር ነው፣ አይወጣም)። ሶስት ማታ ፈጀብኝ፣ ግን ስቀዳው ስርዓቱ ታየኝ፣ አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚመጣው ብትሳሳት ምንም በማትሆንበት ቦታ ነው፣ ቀጥሎ ያው ነገር ጉድጓድ ላይ ይመጣል፣ ከዛ ከበፊቱ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ስጫወተው አንድም ቀን አላስተዋልኩትም ነበር።

ሰዓታችሁን በሀቅ አስሉት

በሳምንት 5 ሰዓት ብታገኙ በዓመት 250 ሰዓት ገደማ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሰራ ሰው ያንን በ6 ሳምንት አካባቢ ይጨርሰዋል። ስለዚ ለሱ አንድ ዓመት፣ ማለትም 2,000 ሰዓት የሚፈጅ ጌም ለናንተ 8 ዓመት ነው። እኔ ይሄን ሂሳብ ስሰራ ደንግጬ ነበር፣ ግን ደሞ በራሴ ላይ መፍረድ ያቆምኩትም ከዛ በኋላ ነው፣ ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም ያላለቀው፣ የያዝኩት ነገር ከሰዓቴ ጋር ስለማይገጥም ነው።

ሰው ሁልጊዜ ስታርዱ ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም ይጠቅሳል፣ ኤሪክ ባሮን ብቻውን ኮዱንም አርቱንም ሙዚቃውንም ሰርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ አዎ ብቻውን ነው፣ ግን 4 ዓመት ተኩል ገደማ ዋና ስራው አድርጎት ነው የሰራው። ከሱ ጋር ራሳችሁን አታወዳድሩ፣ የናንተ 4 ዓመት ተኩል በሰዓት ሲመነዘር ሌላ ነገር ነው።

እና ምን ታደርጋላችሁ? እኔ አሁን ጌም የምመርጠው በሰዓት ነው። ሶስት ወር ማለት ለኔ 60 ሰዓት ነው። ከሱ ላይ ግማሹን ከወዲሁ እቀንሳለሁ፣ ምክንያቱም ሜኑ፣ ድምጽ መቀነሻ፣ ፖዝ፣ ሴቭ፣ ባግ (የኮድ ስህተት) ማስተካከል፣ ኤክስፖርት ማድረግ፣ ይሄ ሁሉ የሚበላው ሰዓት አለ፣ ሁሌም ካሰባችሁት በላይ ነው የሚበላው። ስለዚ ዋናው ጌም 30 ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። 30 ሰዓት ውስጥ አንድ ግስ፣ 8 ሌቭል፣ 3 ጠላት ይገባል። መልቲፕሌየር አይገባም፣ ክራፍቲንግ (እቃ አጣምሮ ሌላ እቃ መስራት) አይገባም። የማይገባውን በዝርዝር ጽፋችሁ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት፣ "እዚህ ጌም ላይ የማይኖሩ" ብላችሁ። ማታ ማታ "ኢንቬንተሪ (የተጫዋቹ እቃ መያዣ) ብጨምርበትስ" የሚል ሀሳብ ሲመጣ ያንን ፋይል ከፍታችሁ ታዩታላችሁ፣ ቀድሞ ተወስኗል፣ ክርክር የለም።

አንድ ዋና፣ አንድ ጎን

"አንድ ጌም ላይ ብቻ ቆርጣችሁ ተቀመጡ" የሚለው ምክር ለኔ አልሰራም። ሁለት ወር እጸናለሁ፣ ከዛ ይሰለቸኝና ሙሉ በሙሉ እጠፋለሁ። የሚሰራልኝ አንድ ዋናና አንድ ጎን መያዝ ነው፣ ሶስተኛ ግን የለም።

ዋናው ማለት መጨረስ የምፈልገው ነው። ጎኑ ደሞ የሚያሳርፈኝ ነው፣ ስለዚ ከዋናው ጋር መመሳሰል የለበትም። ዋናው ኮድ የሚበዛበት ከሆነ ጎኑ ስዕል ወይ ድምጽ የሚበዛበት ይሁን። ሁለቱም ፕላትፎርመር ከሆኑ ይበላላሉ፣ አንዱ ላይ ያገኛችሁትን ሀሳብ ሌላው ላይ ልትከቱት ትፈልጋላችሁ፣ በመጨረሻ ሁለት ግማሽ ጌም ይዛችሁ ትቀራላችሁ። የደከመኝ ቀን፣ ጭንቅላቴ ሎጂክ እምቢ ያለ ቀን፣ የጎኑን ከፍቼ ፒክስል እስላለሁ፣ ቀኑ አልባከነም።

ጎኑ ላይ ጣሪያ አድርጉበት፣ ሳታስቡት አድጎ ዋና እንዳይሆን። ለዚህ ፒኮ-8 የሚባለውን የትንንሽ ጌም መስሪያ በጣም ነው የምወደው፣ ስክሪኑ 128 በ128 ፒክስል ነው፣ ቀለሙ 16 ነው፣ የኮዱም መጠን ገደብ አለው፣ ብትፈልጉም ልታሰፉት አትችሉም። ሴሌስት የሚባለው ፕላትፎርመር ራሱ የተጀመረው እዛ ላይ ነው፣ ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በ2015 በ4 ቀን ጌም ጃም (በተወሰነ ሰዓት ጌም ተሰርቶ የሚወጣበት ዝግጅት) ላይ የሰሩት ትንሽ የፒኮ-8 ጌም ነበር፣ ትልቁ በ2018 ጃንዋሪ ላይ ወጣ። ልብ በሉ፣ ትንሿ መጀመሪያ አለቀች፣ ሰው ተጫወተባት፣ ከዛ ነው ያደገችው።

አዲስ ሀሳብ ሲመጣስ? ይመጣል፣ እሱ አይቆምም፣ መቆምም የለበትም። ደብተር ላይ ጻፉት፣ ቀኑን አስገቡበት፣ ሁለት ሳምንት ይቆይ። አዲስ ሀሳብ ሁልጊዜ ከያዛችሁት ጌም ያምራል፣ ምክንያቱም ገና አንድም ባግ አላገኛችሁበትም፣ አንድም ሰው ተጫውቶበት ፊቱን አላጨማደደም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስታነቡት አሁንም ልባችሁ ከመታ አንድ ማታ ስጡት፣ አንድ ማታ ብቻ፣ ግሷን በሳጥን ስሯትና እዩ። ከኔ ደብተር ላይ አብዛኛው ሁለት ሳምንቱን አያልፍም፣ ያለፉት ግን በጣም ጥሩ ናቸው፣ አሁን የያዝኩት ዋና ጌም እንደዛ ነው የመጣው።

መውረድ

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ስለሆነ።

ፕሮጀክት ሲሰለቸን ምንድነው የምናደርገው፣ ዝም ብለን መክፈት እናቆማለን። "ትቼዋለሁ" አንልም፣ "በዚህ ቀን እመለሳለሁ" አንልም፣ በቃ እንዲሁ ይንጠለጠላል። እና የተንጠለጠለ ነገር ይከብዳል፣ ሌላ ጌም እየሰራን "ያንን እኮ አልጨረስኩትም" የሚል ነገር ከኋላ ይጎትተናል። ስለዚ ስታቆሙ በስርዓቱ አቁሙ፣ አንድ ማታ መድቡለት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

መጀመሪያ ጌሙ ይከፈት። ግማሽ ላይ የተዋችሁት ነገር ካለና ጌሙን ከሰበረው አጥፉት ወይ ዝጉት፣ ያቆማችሁት ጌም ሲነኩት የሚከፈት መሆን አለበት። ከዛ ኤክስፖርት አድርጉት፣ ኢንጂን (ጌሙ የሚሰራበት ሶፍትዌር) ሳያስፈልግ የሚሰራ አንድ ፋይል ይኑራችሁ። ከዛ 30 ሰከንድ ስትጫወቱት ስክሪኑን ቅረጹት። ይሄ ቪዲዮ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፣ ከዓመት በኋላ ኮዱን ስታነቡት ሌላ ሰው የጻፈው ነው የሚመስላችሁ፣ ቪዲዮውን ስታዩት ግን ያን ጊዜ ምን እንደወደዳችሁለት ወዲያው ይመለስላችኋል።

ከዛ ደብዳቤ ጻፉ፣ ለራሳችሁ። እኔ የካርዱን ጌም ሳቆም የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦

"የሰራሁት በዚህ ኢንጂን በዚህ ቨርዥን ነው። የሚሰራው፦ ካርድ መሳብ፣ ማጣመር፣ ነጥብ መቁጠር። የማይሰራው፦ ሁለት አንድ አይነት ካርድ ሲኖር ነጥቡ ሁለቴ ይቆጠራል፣ ችግሩ ቆጣሪው ፋይል ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። ቀጥሎ ልሰራ የነበረው፦ ካርዷ ስትገለበጥ ድምጽ ማስገባት። ያቆምኩት፦ ከ5 ዙር በኋላ ለምን መቀጠል እንዳለብኝ ጌሙ አይነግረኝም፣ መልሱን አላገኘሁም። ካገኘሁ እመለሳለሁ።"

"ያቆምኩት" የምትለዋ ናት ዋናዋ። ለምን እንዳቆማችሁ ስትጽፉት ጥያቄ ሆኖ ይቀመጣል፣ ጥያቄ ደሞ ጭንቅላት ውስጥ ራሱን ችሎ ይሰራል፣ ሻወር ቤት ምናምን ሆናችሁ መልሱ ይመጣል።

የኢንጂኑን ቨርዥን የምጽፈው ደሞ ስለተቃጠልኩ ነው። አንዴ ከዓመት በላይ የቆየ ፕሮጀክቴን ኮፒ ሳላደርግ በአዲሱ ቨርዥን ከፈትኩት፣ ፋይሎቹን ቀያየራቸው፣ ስክሪፕቶቹ ግማሹ ተሰበረ፣ የድሮውም የለኝም። የአራት ወር ማታዎቼ እዛ ውስጥ ነበሩ። ትልልቅ የቨርዥን ለውጦች ቀላል አይደሉም፣ ጎዶት የሚባለው ኢንጂን ከ3 ወደ 4 ሲሄድ ለምሳሌ (4.0 የወጣው በ2023 ነው) ኪነማቲክቦዲ2ዲ ይባል የነበረው ካራክተርቦዲ2ዲ ሆነ፣ እንደዚህ ስማቸው የተቀየረ ብዙ ነገሮች አሉ፣ የድሮ ፕሮጀክት መቀየር ግድ ይለዋል። ስለዚ ጊት (የኮዱን የቀድሞ ቅጂዎች የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ተጠቀሙ፣ ከላፕቶፑ ውጪ ኢንተርኔት ላይም አስቀምጡት። ብቻዬን ነኝ የምሰራው ምን ያደርግልኛል አትበሉ፣ ብቻውን የሚሰራ ሰው ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው፣ ሌላ ኮፒ ያለው ሰው የለማ።

ትኩረቱ ከየት ይመጣል

ትኩረት ሲባል ብዙ ሰው ስልክ መዝጋት፣ ጠዋት መነሳት ምናምን ነው የሚያስበው። እሱም ይጠቅማል፣ ግን ምን መስራት እንዳለበት በደንብ ያላወቀ ሰው ስልኩን ቢዘጋም ግድግዳ ነው የሚያየው። ትኩረት የሚመጣው ጌሙ ላይ አንድ ነገር ስትወዱ ነው፣ ያንን ነገር ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ።

ለዚህ የማውቀው መንገድ ግራጫ ሳጥን ነው። ገጸ ባህሪው ሳጥን፣ ጠላቱ ሳጥን፣ መሬቱ ሳጥን። ሜኑ የለም፣ ታሪክ የለም፣ ሙዚቃ የለም። ግሷን ብቻ ስሩና 10 ደቂቃ ተጫወቱበት። በሳጥን ደስ ካላለ አርቱ አያድነውም፣ ይሄን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ያማረ ስዕል የሚያደርገው ደስ አለማለቱን ለአንድ ወር መደበቅ ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ቴትሪስን ሲሰራ ኤሌክትሮኒካ 60 የሚባለው ኮምፒውተር ግራፊክስ ማሳየት አይችልም ነበር፣ ብሎኮቹን የሰራቸው ከኪቦርድ በሚገኝ ቅንፍ ነው። በቅንፍ ነው ያ ሁሉ ሰው ከወንበር መነሳት ያቃተው። እናንተ ከዛ የተሻለ ሳጥን አላችሁ።

10 ደቂቃውን ስትጫወቱ እጃችሁን ተከታተሉ። ጌሙ ከሚጠይቃችሁ ውጪ ዝም ብላችሁ የምትደጋግሙት ነገር አለ? እኔ አሁን በያዝኩት ጌም ላይ መንጠቆ መወርወር ነው የሰራሁት፣ ግን ስጫወት ሳላስበው ግድግዳ ላይ እየተንሸራተትኩ መውረድ ነበር የምደጋግመው፣ ምንም ነጥብ አያመጣም፣ ግን ደስ ይላል። ጌሙ እዛ ነበር። መንጠቆውን አወጣሁትና መንሸራተቱን ዋና አደረግኩት፣ ከዛ በኋላ ምን መስራት እንዳለብኝ አልጠፋኝም፣ ማንኛውም አዲስ ሀሳብ ሲመጣ "መንሸራተቱን ያሳምረዋል ወይ" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ካላሳመረው ደብተር ላይ ይሄዳል።

አርት ከፈለጋችሁ ለጊዜው ኬኒ የሚባለውን ተጠቀሙ፣ የሚያወጣቸው የጌም ስዕሎችና ድምጾች ሲሲ ዜሮ ናቸው፣ በነጻ ለፈለጋችሁት ትጠቀሙበታላችሁ።

ኢንጂን መቀያየር ደሞ ይቅርባችሁ፣ አንድ ጌም መሃል ላይ ሆኖ ኢንጂን መቀየር ለኔ የመሸሽ አይነት ነው፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ቀይሩ።

የአንድ ማታ ስራ

ባለፈው ሀሙስ 50 ደቂቃ ነበረችኝ። ላፕቶፑን ስከፍት ማክሰኞ የጻፍኩት ማስታወሻ ነበር፦ "ጫፍ ላይ ሲደርስ ዝላዩ ይከዳል። ኮዮቲ ታይም ጨምር። ፋይሉ ፕሌየር፣ ዝላይ የሚለው ፈንክሽን።" በቃ፣ ማሰብ አላስፈለገኝም፣ ፋይሉን ከፈትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ተጫዋቹ ጫፍ ላይ ሆኖ የዘለለ ይመስለዋል፣ በእውነት ግን ጣቱ ቁልፉን የነካው መሬቱን ከለቀቀ ጥቂት ፍሬም በኋላ ነው፣ ጌሙ ደሞ "አየር ላይ ነህ" ብሎ ይከለክለዋል፣ ተጫዋቹም ተበደልኩ ይላል፣ ልክም ነው። መፍትሄው መሬቱን ከለቀቀ በኋላም ለትንሽ ጊዜ እንዲዘል መፍቀድ ነው። ታይመር አስገባሁና 0.2 ሰከንድ ሰጠሁት፣ ስሞክረው አየር ላይ የሚራመድ መሰለ። 0.1 አደረግኩት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ላይ 6 ፍሬም ማለት ነው፣ አሁን አይታይም ግን ይሰማል፣ ዝላዩ እሺ የሚል ሆነ። ከዛ የዚሁን ግልባጭ ሰራሁ፣ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ዝላይ ከተጫነ ጌሙ ያቺን 0.1 ሰከንድ አስታውሶ መሬት ሲነካ ያዘለዋል።

ይሄ 35 ደቂቃ ፈጀ። 15 ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር፣ አዲስ ነገር አልጀመርኩም። ኮሚት አደረግኩ (ጊት ላይ አስቀመጥኩት)፣ የሚቀጥለውን ማስታወሻ ጻፍኩ፦ "ቀዩ ጠላት ግድግዳ ሲነካ ይዙር።" ከዛ የሰራሁትን ዝላይ ዝም ብዬ ተጫወትኩበት። ይሄን ማስታወሻ አጻጻፍ ልብ በሉልኝ፣ "ጠላቶቹን መስራት" ብዬ ብጽፍ ኖሮ ቅዳሜ ስከፍተው ከየት እንደምጀምር እያሰብኩ ግማሹ ሰዓት ይሄድ ነበር። ማስታወሻው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሊያልቅ የሚችል መሆን አለበት፣ ካልሆነ ሰብስቡት። ሰዓት ያለው ቀን ከሱ ቀጥላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሰዓት የሌለው ቀን በሱ ትዘጋላችሁ።

ሳምንት ሁለት ሳምንት ምንም ያልከፈታችሁበት ጊዜ ይመጣል፣ ስራ ይበዛል፣ ሰው ይታመማል፣ ወይ ዝም ብሎ አያምራችሁም። ይሁን። ማስታወሻዋ ቦታዋ ላይ ናት፣ የትም አትሄድም።

ጌም ጃም

ለጨራሽነት እንደ ጌም ጃም የሚያሰለጥን የለም። ሉዱም ዴር ከ2002 ጀምሮ ያለ ነው፣ ብቻችሁን በ48 ሰዓት የምትሰሩበት አለ፣ በ72 ሰዓት በቡድንም የሚሆን አለ፣ ግሎባል ጌም ጃም ደሞ ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። የሚሰጣችሁ ትልቁ ነገር መጨረሻ ነው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ያለው ነገር ይወጣል። መቁረጥ ትማራላችሁ፣ አምስት ሌቭል አስባችሁ ሁለት ታወጣላችሁ፣ እና ሰው በሁለቱም ሌቭል ደስ ሲለው ታያላችሁ።

ግን በየወሩ አትግቡ። ጃም ራሱ አዲስ ፕሮጀክት ነው፣ በወር በወር ከገባችሁ ዋናው ጌማችሁ አይነካም። እኔ በዓመት ሁለቴ እገባለሁ፣ ከጃሙ በኋላ ያለውን ሳምንት ደሞ የጃሙን ጌም አልነካውም፣ ኮሜንት ሲመጣ "ላሳድገው" የሚል ስሜት ይመጣል፣ ያ ስሜት ሁለት ሳምንቱን ይጠብቅ።

ለአንድ ሰው አሳዩት

ዋናው ጌም 10 ደቂቃ የሚያጫውት ሲሆን ለአንድ ሰው ስጡትና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው። እኔ ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼው ከኋላው ቆሜ ነበር፣ መንሸራተቱ የሚሰራው ወደ ግድግዳው ሲገፋ ነው፣ እሱ ግን የታች ቀስቱን ነው የሚጫነው፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ የታች ቀስት። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ተውኩት። ከዛ ዞር ብሎ "ወንድሜ ይሄ ነገር አይወርድም እንዴ?" አለኝ። ልክ ነበር፣ መውረድ የሚፈልግ ሰው ታች ነው የሚጫነው። በዛው ማታ ታች ቀስቱም እንዲሰራ አደረግኩት። ብቻዬን አንድ ዓመት ብቆይ አላየውም ነበር፣ እጄ ለምዶታል።

ካለቀ በኋላ ኢች (itch.io) የሚባለው የጌም ድረገጽ ላይ በነጻ ጫኑት። ስንት ሰው አወረደው የሚለውን ለመጀመሪያ ጌም አትቁጠሩት፣ የተጫነ ጌም ያለው ሰው ሁለተኛውን የሚሰራው በሌላ ልብ ነው።

ተመልሶ መውጣት

ያቆማችሁት ጌም ላይ የምትመለሱት ዋናው ሲያልቅ ወይ በስርዓቱ ሲቆም ነው፣ በመሃል አይደለም። ስትመለሱ ኮዱን አትክፈቱ። መጀመሪያ ኤክስፖርት ያደረጋችሁትን ጌም ተጫወቱት፣ ቪዲዮውን እዩት፣ ደብዳቤውን አንብቡት። ለምን እንዳቆማችሁ የጻፋችሁት ጥያቄ አሁን መልስ አለው? ከሌለው መልሱ ላይ እስክትደርሱ ይቆይ፣ አታስገድዱት። ካለው ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ፣ በድሮው ቨርዥን ክፈቱት፣ እና ትልቁን ነገር ሳይሆን ትንሿን ነገር መጀመሪያ ስሩ፣ እጃችሁ ኮዱን እስኪለምደው።

እኔ ወደ ካርዱ ጌም የተመለስኩት ከ8 ወር በኋላ ነው። ከ5 ዙር በኋላ ለምን እቀጥላለሁ የሚለው መልስ ስጠብቅ ሳይሆን እቃ ሳጥብ ነው የመጣልኝ፣ የተጠቀምክባት ካርድ ትጥፋ፣ በየዙሩ እጅህ ይሳሳ፣ ያኔ እያንዳንዷ ካርድ ትከብዳለች። ማታ ቪዲዮውን አየሁት፣ ደብዳቤውን አነበብኩ፣ ትልቁን ሀሳብ ግን አልነካሁትም። ደብዳቤው ላይ ያለችውን ነው የሰራሁት፣ ካርዷ ስትገለበጥ ድምጽ። ሶስት ድምጽ ሞከርኩ፣ ሁለቱ ወረቀት አይመስሉም፣ ሶስተኛዋ ልክ ገባች፣ ካርዷን ደጋግሜ ገለበጥኳት። 20 ደቂቃ ነው የፈጀው። ከዛ ለነገ "የተጠቀመባት ካርድ ከእጅ ትውጣ" ብዬ ጽፌ ዘጋሁት።